በዘይት ውስጥ የተገኘች የብረት ስንጣሪ፤ ስለ ሔሊኮፕተር አደጋዎችና ስለ መንሥኤያቸው

በብሪታንያና በኖርዌይ መካከል ባለው በሰሜን ባሕር ላይ፣ ከባሕሩ ወለል በታች የሚገኘውን የነዳጅ ዘይት ለማውጣት የተተከሉ ብዙ የብረት መድረኮች አሉ። በነዚህ መድረኮች ላይ የሚሠሩት ሰዎች የተወሰነውን ሳምንት ከፈጸሙ በኋላ ወደየቤታቸው ይመለሳሉ፤ በምትካቸውም ሌሎች ይሄዳሉ። ባሕሩ ቀዝቃዛና ማዕበለኛ በመሆኑ፣ መርከብን ከመድረክ አስጠግቶ ሰው ማውረድና ማሳፈር ስለሚያስቸግር፣ ይህ መመላለስ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈጸመው በሔሊኮፕተር ነው። ሔሊኮፕተር ለነዚህ ሠራተኞች፣ ለከተማ ሰው አውቶቡስ እንደ ማለት ነው።

ስለዚህም አንድ ሔሊኮፕተር በባሕር ላይ በወደቀ ጊዜ የሚነሣው ጥያቄ ከመካኒኮች ዎርክሾፕ አልፎ ወደ ጽሕፈት ቤት ይገባል። መኪናው እንዲበር ማን ፈቀደ? አስቀድሞ ምልክት ታይቶ እንደ ሆነ ምልክቱን ማን አነበበው? ሥራው ይቁም ለማለት ሥልጣን ያለውስ ማን ነበር? ከዚህ በታች የሚነገሩት አደጋዎች በብረት ስብራት የደረሱ ናቸው፤ ነገር ግን በአንዳንዶቹ ከብረቱ አስቀድሞ የተሰበረው የሰዎች መግባባት ነበር። የተጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

ብዙ ሰው ሔሊኮፕተር የሚወድቀው ሞተሩ በጠፋ ጊዜ ይመስለዋል። ታላላቆቹ የመንገደኛ ሔሊኮፕተሮች ግን ሁለት ሞተር ስላላቸው አንዱ ቢጠፋ በሁለተኛው ይበራሉ። ሁለቱም እንኳ ቢጠፉ፣ አብራሪው ፈጥኖ የክንፎቹን አቀማመጥ ካስተካከለ፣ ከታች ወደ ላይ የሚመጣው ነፋስ ሮተር የሚባለውን የራስጌ ተሽከርካሪ ክንፍ እያዞረው ሔሊኮፕተሩን በደኅና ሊያሳርፈው ይችላል። መሪውን የሚያንቀሳቅሰው የዘይት ግፊትም፣ የኤሌክትሪኩም መስመር እጥፍ ሆኖ የተሠራ ነው። እጥፍ ሆኖ ሊሠራ ያልቻለው በሞተሮቹና በሮተሩ መካከል ያለው የማርሽ ሣጥን ነው። ሁለት ሞተር አንድ ሣጥን ያዞራሉ፤ አንዱ ሣጥን አንዱን ሮተር ይሸከማል።

የዚህን ሣጥን ሥራ ለመረዳት በፈረንሳይ አገር የተሠራውን ሱፐር ፑማን መመልከት ይበቃል። በሱፐር ፑማ ከሞተሮቹ የሚመጣው ዘንግ በደቂቃ ከ20,000 ጊዜ በላይ ይዞራል፤ ሮተሩ ግን በደቂቃ 265 ጊዜ ያህል ብቻ ነው የሚዞረው። ያን ሁሉ ፍጥነት አብርዶ ኀይሉን ወደ ላይ የሚያሻግረው የማርሽ ሣጥኑ ነው። በሣጥኑ ላይኛ ክፍል አንድ ባለ ጥርስ መንኰራኵር በመካከል ይቆማል፤ መካኒኮች ፀሐይ ይሉታል። በዙሪያው ስምንት መንኰራኵሮች እየተሽከረከሩ ይከቡታል፤ እነርሱም ፕላኔት ይባላሉ። ይህን ስም ያወጣው ሰው ወደ ሰማይ መመልከት የሚወድ ሳይሆን አልቀረም። እያንዳንዱ ፕላኔት በውጭ በኩል ጥርስ አለው፤ በውስጥ በኩል ደግሞ ራሱ የኩሽኔታው ቀለበት ነው። ይኸውም ጥርሱና ኩሽኔታው ከአንድ ቁራጭ ብረት የተሠሩ ናቸው ማለት ነው። ከስምንቱ አንዱ ቢሰበር፣ ሰባቱ የርሱን ድርሻ ተካፍለው ሥራውን አይቀጥሉም፤ ስባሪው በጥርሶች መካከል ገብቶ ሣጥኑን ይፈነቅለዋል፤ ሮተሩም ከነዘንጉ ከሔሊኮፕተሩ ይለያል። ከዚያ በኋላ አብራሪው በእጁ የሚይዘው መሪ ከምንም ጋራ የተያያዘ አይደለም።

ብረት የሚሰበረው ከዐቅሙ በላይ በተጫነ ጊዜ ብቻ አይደለም። ሽቦን ደጋግሞ ያጠፈና ያቃና ሰው እንደሚያውቀው፣ ቀላል ሸክም እንኳ እጅግ ብዙ ጊዜ ሲመላለስበት ብረት ይደክማል። በመጀመሪያ በዐይን የማትታይ ቀዳዳ ወይም ጭረት በፊቱ ላይ ትወጣለች፤ ከዚያም ስንጥቅ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ስንጥቁም በየዙሩ ጥቂት ጥቂት እየገፋ ይሄዳል። ጥገና የሚባለው ሥራ ከፍተኛው ፈተና ይህን የተሰወረ ጉዞ ከመጨረሻው ቀን አስቀድሞ ማወቅ ነው።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1986 በኖቬምበር 6 ቀን፣ ሁለት ሮተር ያለው ቺኑክ የተባለው ታላቅ ሔሊኮፕተር ከብሬንት የዘይት ስፍራ ሠራተኞችን ይዞ ሲመለስ፣ ወደ ሼትላንድ ደሴቶች ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ባሕር ውስጥ ወደቀ። ከተሳፈሩት 47 ሰዎች የዳኑት ሁለት ብቻ ናቸው። በፊተኛው የማርሽ ሣጥን ውስጥ አንድ ጥርሳም ቀለበት በመሰበሩ ሁለቱ ሮተሮች አካሄዳቸው ተፋልሶ እርስ በርሳቸው ተጋጭተው ነበር። ቀለበቱ በአሠራሩ ማሻሻያ ተደርጎበት የነበረ ነው። ከዚያ በኋላ ያ ዐይነት ሔሊኮፕተር በሰሜን ባሕር መንገደኛ ማመላለሱ ቀረ።

ይልቁንም በዝርዝር ሊነገር የሚገባው በ2009 የደረሰው አደጋ ነው። በዚያ ዓመት በአፕሪል 1 ቀን አንድ ሱፐር ፑማ ሚለር ከተባለው መድረክ 14 መንገደኞችና 2 አብራሪዎች ይዞ ወደ አበርዲን ሲመለስ፣ ከስኮትላንድ የባሕር ዳርቻ ከፒተርሄድ ከተማ 11 የባሕር ማይል ያህል ርቆ ወደቀ። የ16ቱም ሰዎች ሕይወት ጠፋ። አየሩ ክፉ አልነበረም፤ ሞተሮቹም ጤነኞች ነበሩ። አብራሪዎቹ ለእርዳታ ከመጣራት በቀር ሌላ ለማድረግ ጊዜ አላገኙም። ከፕላኔቶቹ አንዱ በድካም ተሰንጥቆ ተሰብሮ፣ ሮተሩ ከሣጥኑ ራስ ጋራ ተነቅሎ ሄዶ ነበር።

የብሪታንያ የአየር አደጋ መርማሪዎች ወደ ኋላ ተመልሰው የጥገናውን መዝገብ ሲገልጡ፣ አደጋው ሊደርስ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ማለት በማርች 25 ቀን፣ የተጻፈ አንድ ነገር አገኙ። በማርሽ ሣጥኑ ውስጥ፣ በዘይቱ የሚንሳፈፈውን የብረት ስባሪ እየያዘ ምልክት የሚሰጥ ማግኔት አለ። በዚያን ቀን ማግኔቱ አንዲት የብረት ስንጣሪ ይዞ ተገኘ። ስንጣሪዋ ከጥፍር ጫፍ የማትበልጥ ናት። መካኒኮቹ ነገሩን ችላ አላሉትም። አውጥተው ተመለከቷት፤ ለሔሊኮፕተሩ ሠሪ ኩባንያም በስልክና በኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ አስታወቁ፤ ምክርም ጠየቁ። ጥፋቱ የጀመረው ከዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን የሚናገረው ስለ አንድ የሣጥኑ ክፍል ሲሆን ሌላው ወገን የተረዳው በሌላ መንገድ ሆነ፤ ስንጣሪዋ ከየትኛው ብረት የመጣች እንደ ሆነችም በትክክል አልታወቀም። ከዚህም የተነሣ የሣጥኑን ላይኛ ክፍል አውርዶ ውስጡን መመርመር የሚያዝዘው ሥራ ሳይፈጸም ቀረ። በምትኩ ማግኔቱ በየጊዜው እንዲታይ ተወሰነ። ታየም፤ ሌላ ስንጣሪ አልተገኘም፤ ሔሊኮፕተሩም መብረሩን ቀጠለ።

ሌላ ስንጣሪ ለምን አልተገኘም? መርማሪዎቹ የሰጡት መልስ ማንኛውንም የሥራ ኀላፊ ሊያሳስበው የሚገባ ነው። በሣጥኑ ላይኛና ታችኛ ክፍል መካከል ባለው ሳሕን ላይ ሌሎች ማግኔቶች በዙሪያው ተተክለው ነበር። እነዚህ የተተከሉት ከላይ የሚወርደው ስባሪ ወደ ታችኞቹ ማርሾች ደርሶ እንዳያበላሻቸው ለመከላከል ነው። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ምልክት ሰጪው ማግኔት ሊያገኛቸው ይገባ የነበሩትን ስንጣሪዎች እነዚሁ ጠባቂዎች መንገድ ላይ እየያዙ ሊያስቀሩበት ይችሉ ነበር። ዘበኛው ሌባውን ይዞ በጓዳ ከቆለፈበት በኋላ ለባለቤቱ ሳይነግር እንደ መተኛት ነው። እነርሱንም ለማየት ሣጥኑን መክፈት ያስፈልግ ነበር፤ ሳይፈጸም የቀረውም ሥራ ይኸው ነበር። ከአደጋው በኋላ እነዚያ ማግኔቶች ከዚያ ዐይነት ሣጥን ሁሉ እንዲወጡ ታዘዘ።

በ2011 የወጣው የምርመራ መግለጫ ስንጣሪዋ ከተሰበረው ፕላኔት ሳትወጣ እንዳልቀረች ያስረዳል። ሆኖም የማርሹ ስባሪ ሁሉ ከባሕር ስላልተገኘ፣ ስንጥቁ ከየት እንደ ጀመረ በእርግጥ ለማወቅ አልተቻለም። በ2014 ጉዳዩን የመረመረው የስኮትላንድ ፍርድ ቤትም በጥንቃቄ ነው የተናገረው፤ ጥገናው በመጽሐፉ ትእዛዝ መሠረት አለመፈጸሙን ገልጦ፣ ይህ ጉድለት አደጋውን ያመጣው ምናልባት ሊሆን ይችላል፣ ምናልባት ብቻ፣ ሲል ወሰነ። ለሟቾቹ ቤተ ሰቦች ይህ “ምናልባት” የሚሉት ቃል ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ መናገር አያሻም።

በዚህ ነገር ላይ ከቢሮ ሥራ ጋራ የሚተዋወቅ ሰው ሁሉ ሊያስተውለው የሚገባ አንድ ነጥብ አለ። በስልክ የሚሰጥ የቴክኒክ ትእዛዝ ፈጣን ነው፤ ነገር ግን ሁለቱ ተነጋጋሪዎች ስለ አንድ ዕቃ መናገራቸውን የሚያረጋግጥ ሦስተኛ ምስክር የለውም። የማርሹ ክፍል በቍጥሩ ተጽፎ፣ የሚሠራው ሥራ በመጽሐፉ ምዕራፍ ተጠቅሶ፣ ተቀባዩም የተቀበለውን መልሶ ጽፎ ቢልክ ኖሮ፣ አለመግባባቱ በዚያው ቀን በታወቀ ነበር። ይህን ለማድረግ የሚጠፋው ጊዜ ከግማሽ ሰዓት አይበልጥም።

በዚያው በ2009፣ ከስኮትላንዱ አደጋ ሦስት ሳምንት ያህል አስቀድሞ፣ በማርች 12 ቀን በካናዳ ከኒውፋውንድላንድ ደሴት ወዲያ በአትላንቲክ ባሕር ላይ ሌላ ሔሊኮፕተር ወድቆ ነበር። ይህኛው በአሜሪካ የተሠራው ሲኮርስኪ ኤስ 92 ነው። ከ18ቱ ተሳፋሪዎች አንድ ሰው ብቻ በሕይወት ተረፈ። የዚህ መንሥኤ ማርሽ ሳይሆን ቡሎን ነው። የማርሽ ሣጥኑን የዘይት ማጣሪያ የሚያጣብቁት ሦስት የቲታኒየም ቡሎኖች ናቸው፤ ሁለቱ በድካም ተሰበሩና ዘይቱ በሙሉ ፈሰሰ። የዘይቱ ግፊት መውደቁን የሚናገረው መብራት ከበራ በኋላ ሔሊኮፕተሩ ወደ ሴንት ጆንስ ከተማ ለመመለስ ፊቱን አዙሮ ሲበር፣ 11 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ወደ ጭራው ኀይል የሚያስተላልፈው ማርሽ ተበላሸና ባሕሩን በኀይል መታው።

አብራሪዎቹ ወዲያው ባሕር ላይ ያላረፉት በስንፍና አልነበረም። ግፊቱ ወድቋል ይላል አንዱ መለኪያ፤ የዘይቱ ሙቀት ግን አልጨመረም ይላል ሌላው። ዘይት ያለቀበት ሣጥን ቢግል ኖሮ ሙቀቱ መታየት ነበረበት ብለው ቢያስቡ አያስደንቅም። የሙቀቱ መለኪያ ግን የሚለካው ዘይት ሲነካው ነው፤ ዘይቱ ከሌለ የሚነግረው ነገር የለውም።

ከዚህ ሁሉ የሚያሳዝነው ግን ነገሩ አስቀድሞ የታወቀ መሆኑ ነው። በ2008 በአውስትራሊያ አንድ የዚህ ዐይነት ሔሊኮፕተር የማጣሪያው ቡሎኖች ተሰብረው ዘይቱ ፈስሶ፣ በዕድል መሬት ላይ አርፎ ነበር። ሠሪው ኩባንያ በጃኑዋሪ 2009 ቡሎኖቹ በአረብ ብረት እንዲለወጡ የሚያዝዝ ማስታወቂያ አወጣ፤ የሰጠው ቀነ ገደብ ግን አንድ ዓመት ወይም 1,250 የበረራ ሰዓት ነበር። አደጋው የደረሰው ማስታወቂያው ከወጣ ሁለት ወር ሳይሞላ ነው። የጥቂት ቡሎኖች ዋጋና የአንድ ቀን ሥራ በአንድ ወገን፣ 17 ነፍስ በሌላው ወገን ቢመዘኑ፣ አንድ ዓመት የሚለው ቀነ ገደብ በምን ስሌት እንደ ተቈረጠ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ሌላም ነገር አለ። ታላላቅ ሔሊኮፕተሮች የማርሽ ሣጥናቸው ዘይት ቢያልቅ 30 ደቂቃ ለመብረር እንዲችሉ ሕጉ ይጠይቃል። በ2002 ይህ ሣጥን ያለ ዘይት ሲፈተን የቆየው 11 ደቂቃ ያህል ብቻ ነበር። ነገር ግን ሕጉ ራሱ፣ ዘይት የማለቁ ነገር እጅግ የማይመስል ከሆነ 30ው ደቂቃ አያስፈልግም የሚል በር ትቶ ነበርና፣ ኩባንያው ይፈሳል ተብሎ በታሰበው ቦታ መዝጊያ ጨምሮ በዚያ በር ገባ፤ የአሜሪካ መንግሥት ባለሥልጣኖችም ፈቀዱለት። የማጣሪያውን ቡሎኖች ያሰበ አልነበረም። በፈተናው የታየው 11 ደቂቃና በባሕሩ ላይ የታየው 11 ደቂቃ መገጣጠማቸው ለማንኛውም ፈቃድ ሰጪ መሥሪያ ቤት የሚያስፈራ ነገር ነው።

በ2012 ግን የተለየ ነገር ታየ። በሜይና በኦክቶበር ወር ሁለት አዲሶች የሱፐር ፑማ ዐይነቶች በሰሜን ባሕር ላይ እየበረሩ ሳሉ፣ የዘይቱን ፓምፖች የሚያዞረው ዘንግ ተሰነጠቀና የዘይቱ ግፊት ጠፋ። በሣጥኑ ላይ ለእንዲህ ያለ ቀን የተዘጋጀ መጠባበቂያ ማቀዝቀዣ ነበር፤ አብራሪዎቹ ከፈቱት፤ ነገር ግን እርሱም አልሠራም የሚል መብራት በራ። መብራቱ ሐሰተኛ ነበር፤ ማቀዝቀዣው ይሠራ ነበር። ቢሆንም አብራሪዎቹ አልተከራከሩትም፤ ሔሊኮፕተሮቹን በባሕሩ ላይ አሳረፉና በመጀመሪያው 14 ሰዎች፣ በሁለተኛው 19 ሰዎች ሁሉም በደኅና ወጡ። ለሐሰተኛ መብራት ሲባል ውድ ሔሊኮፕተር ባሕር ውስጥ መግባቱ ለሒሳብ ሹም ኪሣራ ነው። ለ33ቱ ቤተ ሰቦች ግን ሌላ ሒሳብ አለ።

እስካሁን የተነገረው ሁሉ ምልክት የታየበት ነው። በ2016 በአፕሪል 29 ቀን በኖርዌይ የደረሰው አደጋ ግን ይህን ሁሉ ትምህርት አናወጠው። ከጉልፋክስ መድረክ 11 መንገደኞችና 2 አብራሪዎች ይዞ ወደ በርገን ይመለስ የነበረ፣ ያው የሱፐር ፑማ አዲሱ ዐይነት፣ በሰዓት 140 የባሕር ማይል ያህል በጸጥታ እየበረረ ሳለ፣ ቱርዮይ ከተባለች ደሴት አጠገብ ሮተሩ በድንገት ተለየው። ደኅና ከመሆን ወደ ጥፋት ለመሻገር የፈጀው አንድ ወይም ሁለት ሰኮንድ ነው። ሔሊኮፕተሩ ከአንዲት ትንሽ ቋጥኛማ ደሴት ላይ ወደቀ፤ 13ቱም ሰዎች ሞቱ። ሮተሩ ግን ብቻውን እየተሽከረከረ ሲወርድ በዳርቻው የነበሩ ሰዎች ተመለከቱት።

የተሰበረው እንደ 2009ኙ ሁሉ ከፕላኔቶቹ አንዱ ነበር። የኖርዌይ መርማሪዎች በዚህ ጊዜ ስባሪዎቹን አግኝተው የስንጥቁን መንገድ ተከተሉ። በኩሽኔታው ቀለበት ፊት ላይ እጅግ ጥቃቅን ከሆነች ጕድጓድ ተነሥቶ፣ ከላይ ሳይታይ በብረቱ ውስጥ ለውስጥ ተጉዞ ጥርሱ ድረስ ደርሶ ነበር። ማግኔቱ ማስጠንቀቂያ የሚሆን ስንጣሪ አልያዘም፤ የንዝረቱ መለኪያም አልተናገረም። በ2018 የወጣው መግለጫ፣ ስንጥቁ ያደገው በዚያን ጊዜ በነበረው የጥገና ሥርዓትና በመቈጣጠሪያ መሣሪያዎቹ ሊታወቅ በማይችልበት መንገድ እንደ ሆነ ያስረዳል። ይኸው የማርሽ ሣጥን በ2015 በአውስትራሊያ በመኪና ሲጓዝ የመንገድ አደጋ ደርሶበት፣ በሠሪው ዘንድ ተጠግኖ የተመለሰ ነበር፤ መርማሪዎቹ ግን ያ አደጋ ከስብራቱ ጋራ መያያዙን የሚያረጋግጥ ነገር አላገኙም።

በተጨማሪ የታወቀው ነገር ለዕቃ ገዢ ነጋዴ ጠቃሚ ነው። ሠሪው ኩባንያ ፕላኔቶቹን ከሁለት ልዩ ልዩ ፋብሪካዎች ይገዛ ነበር። የሁለቱ ዕቃ በአንድ ሣጥን የሚገባ፣ በወረቀት ላይም አንዱ ለሌላው ምትክ የሚሆን ነበር፤ ሆኖም የውስጥ ቅርጻቸውና የሚሸከሙት የግፊት መጠን አንድ አልነበረም። ሁለቱም በየፈተናው አልፈዋል። ከአደጋው በኋላ የበለጠ ግፊት የሚያርፍበት ዐይነት ከሥራ ወጥቶ ሌላው ብቻ እንዲቀር ተደረገ፤ የማርሾቹም የአገልግሎት ዘመን አጠረ፤ ስንጣሪ የሚመረመርበትም ጊዜ ቀረበ።

የአውሮፓ የአየር ደኅንነት ድርጅት በጁን 2016 ይህን ዐይነት ሔሊኮፕተር ከበረራ አገደው፤ በኦክቶበርም ከነዚህ ለውጦች ጋራ ዕገዳውን አነሣለት። ኖርዌይና ብሪታንያ ግን አልተቀበሉትም፤ የየራሳቸውን ዕገዳ እስከ ጁላይ 2017 አቈዩ። ጊዜው የነዳጅ ዘይት ዋጋ የወደቀበት ነበር፤ ሔሊኮፕተሩን ያበር የነበረውም ታላቅ ኩባንያ ቀድሞውንም በዕዳ ተይዞ ስለ ነበር፣ አደጋው በደረሰ በሳምንቱ በአሜሪካ ፍርድ ቤት ከአበዳሪዎቹ ጥበቃ ለመነ። በየመጋዘኑ የቆሙት ሔሊኮፕተሮች ኪራይ ግን መቈጠሩን አላቆመም። ዕገዳው ከተነሣ በኋላም መንገደኞቹ ራሳቸው አንሳፈርም አሉ፤ የሠራተኞች ማኅበሮችም ደገፏቸው። የኖርዌይ ታላቁ የነዳጅ ኩባንያ ያን ዐይነት እንደገና እንደማይወስድ አስታውቆ፣ ሠራተኞቹን በሲኮርስኪ ኤስ 92 ማመላለሱን ቀጠለ። ይኸውም የማጣሪያው ቡሎኖች በቲታኒየም ፈንታ በአረብ ብረት የተለወጡለት፣ ያው በኒውፋውንድላንድ ባሕር የወደቀው ዐይነት ነው።